የበረዶ ፋብሪካው ሠዓሊ

እናቴ ፀጉር ሠሪ ነበረች። ሰኞ ሱቋ ለደንበኛ ዝግ ነው፤ ኮሚቴው የሚሰበሰበውም ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያው ነበር። አናጢው፣ የሙዚቃ አስተማሪው፣ ዳቦ ጋጋሪዋና ሌሎች ሁለት ሦስት ሴቶች በደንበኛ ወንበር ተደርድረው፣ ፊት ለፊት ከመተያየት ይልቅ በትልቁ መስታወት ውስጥ እየተያዩ ይከራከራሉ። እኔ ሁልጊዜ ጥግ ላይ ካለው ካስክ ሥር እቀመጣለሁ። ያ የሴቶችን ፀጉር የሚያደርቀው ትልቅ የብረት ቆብ ራሴን እስከ ቅንድቤ ይውጠዋል። ጭኔ ላይ የፀጉር መጠቅለያውን፣ የቢጎዲኑን ሳጥን አስቀምጬ ቀዩን ከቀዩ፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴው እለያለሁ። እናቴ "ትልልቅ ሰው ሲያወራ ጆሮ አይቀሰርም" ትለኛለች። እኔ አልቀስርም፤ ቆቡ ውስጥ ሆኜ ድምፃቸው ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ ግማሹ ይደርሰኛል፣ ግማሹ ይቀራል። የቀረውን ከራሴ እሞላለሁ።

የሚያወሩት ስለ ቤት ነበር። የሰፈራችን ሰው አያቶቹ ከባሕር ማዶ የባቡር ሐዲድ ሊዘረጉ መጥተው፣ ሐዲዱ ሲያልቅ መመለሻ አጥተው የቀሩ ናቸው። ከጣቢያው ጀርባ ጠባብ ጠባብ ቤት ቀለሱ። ልጅ ተወለደ፣ የልጅ ልጅ ተወለደ፤ ከተማው ግን "መጤዎቹ" ማለቱን አልተወም። ከማዶ ይዘውት የመጡት ሀብት ዘፈናቸው፣ ጭፈራቸውና እየቀለዱ የሚጫወቱት ቲያትር ብቻ ነበር፤ እሱንም የሚያሳዩበት ቦታ የላቸውም። አንድ ሰሞን የትምህርት ቤት መመገቢያ፣ አንድ ሰሞን የመኪና ጋራዥ፣ በመጨረሻ ደግሞ የሰርግ አዳራሽ እየለመኑ ነው የኖሩት።

ከሰርግ አዳራሹ የወጣን ቀን እኔም ነበርኩ። ልጆች ወፍ ሆነን የምንጨፍርበት ትርዒት ነበረን፤ እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ከወረቀት ላባ ስትቆርጥና ስትሰፋ አድራ አልብሳኛለች። ልምምዱ መሀል ላይ የአዳራሹ ባለቤት ገባና ሰርግ ስለመጣብኝ ውጡልኝ አለ። ዕቃችንን እሱው እያነሳ አስፋልት ዳር ደረደረው። ይዘንብ ነበር። እናቴ ከበሮውን ካፖርቷ ውስጥ ከትታ እንደ እርጉዝ ሴት ቆመች። የሙሽሮቹ መኪና ሲመጣ ሰርገኛው እኛን እያየ ሳቀ፤ ላባዬ ሟሙቶ በእግሬ ላይ ሲወርድ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም። ወደ ቤት ስንሄድ እጄን አጥብቃ ይዛ "ሁለተኛ አንቺን ከበር የሚያስወጣ ሰው አይኖርም" አለችኝ። ኮሚቴው የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ ሰብሳቢ ሆነች፤ የጥበብ ቤት፣ ቋሚ የሆነ፣ ማንም የማያስለቅቀን የራሳችን ቤት ካልተገኘ አላርፍም ብላ ተነሳች።

ቤቱም ተገኘ። ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ አሮጌ የበረዶ ፋብሪካ ነበር። ማቀዝቀዣ በየቤቱ ሲገባ የበረዶ ገዢ ጠፍቶ ተዘጋ፤ ባለቤቱ ትቶት ሲሄድ ማዘጋጃ ቤቱ ወረሰው። ግድግዳው ክንድ ሙሉ ውፍረት አለው፤ በበጋ ቀን እንኳ ሲገቡበት ብርድ ከወለሉ ተነስቶ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። እኛ ልጆች ግን ቤቱን ከኮሚቴው ቀድመን እናውቀዋለን፤ ጋሽ ብሩሽ የሚኖሩት እዚያ ነበርና።

ጋሽ ብሩሽ የታፔላ ሠዓሊ ነበሩ። በሰፈራችን ካሉት ሱቆች ላይ የተንጠለጠለ ታፔላ ሁሉ የእሳቸው እጅ ነው። የእናቴ ሱቅ በር ላይ ፀጉሯ እንደ ማዕበል የሚወርድ ሴት ሥለው ነበር፤ ሴትየዋ እናቴን ትመስላለች እየተባለ አባቴ ይቀለድበታል። ከየት እንደመጡ አላውቅም፤ ከእኛ አያቶች በብዙ ዓመት ዘግይተው፣ ከሌላ አገር፣ ብቻቸውን ነው የመጡት። ቋንቋችንን ሲናገሩ አንዳንዱ ቃል አፋቸው ውስጥ ይዞርባቸዋል። እኛ ልጆች አንቱ ነበር የምንላቸው። ትልልቆቹ "ሰውዬው" ይሏቸዋል፤ ሲናደዱ ደግሞ "መጤው" ይሏቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ቃሉ ከተማው በእኛ ደጃፍ የጣለው እንደሆነ አልገባኝም።

ከትምህርት ቤት ስንወጣ ወደ እሳቸው እንሮጣለን። ከሰል ይሰጡናል፤ በረዶ ይቆለልበት የነበረውን ክፍል ወለል ይለቁልናል። የበረዶ ክፍሉ ትልቁ ግድግዳ ላይ ራሳቸው ሰፈራችንን ሥለውት ነበር። ሁሉም ሰው አለበት፤ አናጢው መጋዝ ይዞ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ዱቄት የነካው ፊቷን በክንዷ ስትጠርግ፣ አባቴ የከተማ ባቡሩን ሲነዳ፣ እናቴ የማላውቃት ሴት ፀጉር ላይ ጎንበስ ብላ። እሳቸው ራሳቸው የሉበትም። "እርስዎስ የታሉ?" ብዬ ስጠይቃቸው "እኔማ እየሣልኩ ነው" አሉኝ። መልሱ በቂ መስሎኝ ነበር።

አንድ ሰኞ የሙዚቃ አስተማሪው ከማዘጋጃ ቤት ዜና ይዞ መጣ። ሹሙ ቤቱን ለኮሚቴው ለዘለቄታው ሊሰጥ ፈቅዷል፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፣ ቤቱ "ከሰው ነጻ" ይሁን አለ። እኔ ከቆቡ ሥር የሰማሁት "ለሰው ነጻ" የሚለውን ነው። ማንም ሳይከፍል እንዲገባ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ባለፈው ሳምንት ፎቶ አንሺ መጥቶ ፋብሪካውን በውስጥም በውጭም አንስቶ ሄዷል። አናጢው ይህንን ጠቅሶ፣ ቤቱ ተነስቷል፣ ሹሙም ፎቶውን አይቶ ወዶታል አለ። ከዚያ እናቴ በመስታወቱ ውስጥ ሁሉንም እያየች "እንግዲህ የቀረን ሰውዬውን ማንሳት ነው" አለች።

አስተማሪው ወንበሩን አሽከረከረና፣ እሱም እኮ ሰው ነው፣ የት ይሂድ አለ።

"እኛስ በየዝናቡ የት ሄድን?" አለች እናቴ።

ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር። ቤቱ የጥበብ ቤት ነው ይላሉ፤ እኔ የማውቀው የጥበብ ሰው ደግሞ አንድ ነው። ቤቱን ፎቶ አንስተዋል፤ አሁን ደግሞ ባለቤቱን ሊያነሱ ነው። ቤቱ የሚሠራው ለጋሽ ብሩሽ መሆኑን ለማወቅ ምንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ማታ እራት ላይ አባቴ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፣ "ሰውዬውስ የት ይገባል?" ሲል ሰማሁት። እናቴ "አንተ ባቡርህን ንዳ" ብላ ዘጋችው። እኔ ግን ስለ ጥያቄው ሳስብ አመሸሁ። ከፋብሪካው ክፍሎች ለጋሽ ብሩሽ የሚሻላቸው የትኛው ነው? ፀሐይ የሚገባበት የፎቁ ክፍል ይሻላል ብዬ ወሰንኩላቸው።

ዓመታት አልፈው፣ አንድ ቀን በራዲዮ ለመንገድ ሥራ ሲባል "ነዋሪዎቹ ይነሳሉ" የሚል ዜና ስሰማ ነው እጄ ላይ የነበረው ብርጭቆ የወደቀው። የእናቴን "ማንሳት" ያኔ ነው የሰማሁት።

በዚያ እራት ማግስት ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ፋብሪካው ሮጥኩ። ጋሽ ብሩሽ የጫማ ሱቅ ታፔላ እየሠሩ ነበር። ትንፋሼ ሳይመለስ ያለኝን ሁሉ አፈሰስኩላቸው። ቤቱ ለእርስዎ እየተሠራ ነው፣ ቅዳሜ ከማዘጋጃ ቤት ትልቅ ሰው ይመጣል፣ ፎቶ ሊያነሱዎት ነው አልኳቸው። ብሩሹን ከታፔላው ላይ ሳያነሱ ቆዩ፤ አንዲት ጠብታ ከጫማው ጫፍ ላይ ወደ ታች ወረደች።

"ማን ነው ያለው?"

"እማዬ ናታ።"

ጠብታዋን በጣታቸው ጠረጉ። እናትሽ ጥሩ ሰው ናት አሉ። ቀጥለውም ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ ይህን ያህል ዓመት ስኖር እዚህ ሰፈር አንድም ሰው ግባ ብሎኝ አያውቅም ነበር አሉ። ከዚያ የማላየው ነገር ታያቸው። ልጆቹ እዚህ ይቀመጣሉ፣ መድረኩ እዚያ ቢሆን ድምፅ አይበተንም፣ መስኮቱ ይጠረግ፣ ይሄ በር ወደ ውጭ ቢከፈት ነው የሚሻለው እያሉ ክፍሉን ዞሩት። ሲስቁ ጥርሳቸው እንደጎደለ ያን ቀን ነው ያየሁት። ከመሄዴ በፊትም አንድ ቃል በትክክል እንዳስጠናቸው ጠየቁኝ። "አመሰግናለሁ" ሲሉ መሀሉ ላይ ይሰነካከልባቸው ነበር። ቁጭ ብለን ደጋገምነው። በመጨረሻ እንደ እኛ ሰፈር ሰው አሉት።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ የክት ቀሚሷን ለበሰች። ሹሙ በመኪና መጣ፤ አናጢውና አስተማሪው አጅበውት፣ እናቴ ከፊት፣ እኔ እጇን ይዤ ሐዲዱን ተሻገርን። እናቴ ያን ጠዋት ሰውዬው ቤት ውስጥ እንደማይገኝ እርግጠኛ ነበረች። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ጋሽ ብሩሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጋዴዎቹ ዘንድ ሄደው ነው የሚውሉት። ዕቃቸውንም አናጢው ከሹሙ ቀድሞ ገብቶ በኋለኛው ክፍል ሊቆልፍበት ተስማምተው ኖሯል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ጋሽ ብሩሽ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ጢማቸውን ተላጭተዋል፤ አገጫቸው ላይ የተቆረጠች ቦታ ትታያለች። ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። ጫማቸው አብረቀረቀብኝ፤ ጠጋ ስል በታፔላ ቀለም ጥቁር አድርገው እንደቀቡት አየሁ። ሲራመዱ ቀለሙ መታጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ አሮጌው ቆዳ ብቅ ብሏል። አንድ እጃቸውን በሩ መቃን ላይ አሳርፈው፣ ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲል እንደሚቆመው ቀጥ ብለው ነው የጠበቁን። ከኋላቸው እኛ ልጆች የሣልናቸው ወረቀቶች በገመድ ላይ ተሰጥተዋል፤ ወለሉ ተጠርጓል።

እናቴን ሲያዩ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው "አመሰግናለሁ" አሉ። ቃሉ አልተሰናከለባቸውም። በደስታ እጄን ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም።

ሹሙ ቆመ። ቤቱ ባዶ ነው አላላችሁኝም ወይ፣ ይሄ ደግሞ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ድምፁ ቁጣ አልነበረውም፤ ሲያስበው የነበረ ሌላ ጉዳይ ያለው ሰው ድምፅ ነው። አስተማሪው ሐዲዱን ያይ ጀመር። አናጢው የጋሽ ብሩሽን ጫማ ነበር የሚያየው። እናቴ ብቻ ናት ቀጥ ብላ የቆመችው።

"ሠራተኛ ነው" አለች። "ግድግዳውን እንዲቀባልን ቀጥረነው ነው። ዛሬ ይጨርሳል።"

እናቴ ተሳስታለች ብዬ አፌን ከፈትኩ። ጣቶቿ ማጅራቴ ላይ አረፉ። አልጎዱኝም፤ ግን ምንም እንዳልናገር የሚያደርግ አያያዝ ነበር። ጋሽ ብሩሽ መጀመሪያ እሷን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ረዘም አድርገው። እንደተገረመ ሰው ነው ያዩኝ፣ ቁጣ አልነበረውም። በኋላ ስንት ሌሊት ያን አስተያየት ልተረጉም ሞከርኩ፤ አሁን የሚመስለኝ፣ ልጅቷ አውቃ ነው ወይስ ሳታውቅ ብለው ነው። ያላወቅሁ መሆኔን ከፊቴ ላይ ያነበቡት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ፊታቸው ለስለስ አለ። እጃቸውን ከመቃኑ ላይ አወረዱ።

"አዎ ጌታዬ" አሉ ለሹሙ። "ዛሬ እጨርሳለሁ።"

ከበሩ ዞር ብለው መንገድ ለቀቁልን። እኛ ገብተን ሹሙ ግድግዳውን እያንኳኳ፣ ጣሪያውን እያየ ሲዞር፣ እሳቸው ጥግ ላይ ከነበረው በርሜል ኖራ በባልዲ ቀድተው፣ ሰፊውን ብሩሽ አነሱ። ያን ንጹሕ ሸሚዝ እንደለበሱ ወደ ትልቁ ግድግዳ ሄደው በሥዕሉ ላይ ነጭ ይደርቡ ጀመር። ከእናቴ ነበር የጀመሩት። የማላውቃት ሴት ፀጉር ጠፋ፣ የእናቴ ጎንበስ ያለ ትከሻ ጠፋ፣ ቀጥሎ አባቴ ከነባቡሩ። ሹሙ በአጠገባቸው ሲያልፍ "ጎበዝ፣ በርታ" አላቸው። እኔ የበለጠ ቆንጆ ሥዕል ሊሥሉበት ነው የሚያጸዱት ብዬ አሰብኩ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ስለ መስኮቶቹ ለሹሙ ታስረዳ ነበር፤ ድምፅዋ ግን እንደወትሮው አልነበረም፤ ከእሷ ቀድሞ የሚሮጥ ይመስል ነበር።

ሹሙ ሲሄድ እናቴም ከኮሚቴው ጋር ሄደች፤ እኔ ተደብቄ ቀረሁ። ጋሽ ብሩሽ ግድግዳውን ጨርሰው ነበር። ብሩሾቻቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ፤ አንዲት ፍራሽ፣ አንድ ድስት፣ የቀለም ቆርቆሮዎችና ያልተከፈለባቸው ሁለት ታፔላዎች የእጅ ጋሪ ላይ ጫኑ። አብሬ አነሳሳኋቸው። ቤቱ ሲታደስ ለጊዜው ወደ ሌላ ቦታ የሚሄዱ ነበር የመሰለኝ።

"ፎቶውስ?" አልኳቸው።

"ቀለሙ ሳይደርቅ ፎቶ አይነሳም" አሉኝ። "ሲደርቅ ነው።"

ገመዱ ላይ ከተሰጡት ወረቀቶች የእኔን ፈልገው አውጥተው አጥፈው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ሌሎቹን ለባለቤቶቻቸው እንድሰጥ ነገሩኝና ጋሪውን እየገፉ ወደ ጣቢያው አቅጣጫ ሄዱ። ጋሪው ጠጠር ላይ ሲንገጫገጭ ቆርቆሮዎቹ ይጋጫሉ። ልክ ከኋላዋ ቆርቆሮ እንደታሰረላት የሰርግ መኪና ብዬ አስቤ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ግድግዳውን ልነካ እሄድ ነበር። ኖራ እንዲያ አይቆይም፤ በማግስቱ ደርቋል። እኔ ግን ምናልባት ከውስጥ አልደረቀ ይሆናል እያልኩ መዳፌን እለጥፍበታለሁ፤ መዳፌ ነጭ ሆኖ ነው የምመለሰው። በስተመጨረሻ እናቴ የአንዲት ሴት ፀጉር ስትጠቀልል፣ ቀለሙ ደርቋል፣ ለምን ጋሽ ብሩሽን አትጠሩም አልኳት። ቢጎዲኑን ከእጇ ጣለችው። መታጠቢያው ጋ ሄዳ ቧንቧውን ከፍታ ቆመች። ሴትየዋ ግማሽ ፀጉሯ ተጠቅልሎ፣ ግማሹ ተንጠልጥሎ በመስታወቱ ውስጥ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ዐይኗን ሰበረች። ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። እኔ ውሃው እስኪሞቅ እየጠበቀች ነው ብዬ ነበር።

ቤቱ ተከፈተ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አዲስ ላባ ተሠራልኝ፤ ከጨርቅ የተሠራ፣ ውሃ የማይፈራ። በዚያ ነጭ ግድግዳ ፊት ስንጨፍር ጥላችን ከእኛ ይበልጥ ነበር። ሽማግሌዎቹ ያለቀሱበት፣ ልጆቻቸው የማያውቁት ዘፈን ከጉሮሮ የወጣበት ቤት ሆነ። ማንም ውጡ አላለንም። ስለ ጋሽ ብሩሽ መጠየቄን መቼ እንደተውኩ አላውቅም። ፎቁ ላይ ፀሐይ የሚገባውን ክፍል ለልብስ ማስቀመጫ አደረጉት። ከኋላ ያለው የማሽን ክፍል ደግሞ ለዓመታት ምንም ሳይገባበት ባዶውን ነበር።

አባቴ ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን፣ ያለ ምንም መነሻ፣ ነገረኝ። ያን ዓመት ብርዱ እስኪያልፍ ሰውዬው በመጨረሻው ፌርማታ መጠለያ ሥር ያድር ነበር አለ። አባቴ ጠዋት የመጀመሪያውን ባቡር ይዞ ሲደርስ ዳቦ ይሰጠዋል፤ ባቡሩን ትንሽ አቁሞ ከማሞቂያው አጠገብ ያስቀምጠዋል። ስለ ቤቱ አንድ ቀን እንኳ ጠይቆት አያውቅም። ልጅቷ መሣሏን አላቆመችም ወይ ብቻ ይላል። አባቴ "አላቆመችም" ይለዋል፤ እኔ ግን ካቆምኩ ቆይቼ ነበር። አንድ ጠዋት አባቴ ሲደርስ መጠለያው ባዶ ሆነ። ከመንገድ ሠራተኞች መኪና ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሄደ የሚል ወሬ ሰማ፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም። ለእናቴ ነግረሃታል ወይ አልኩት። "ታውቃለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አለኝ። "እሷም አውቃለሁ ብላ ይሆናል ዝም ያለችው።"

ዛሬ ያንን ቤት የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት የምሥረታ በዓሉን ስናከብር እናቴን በክብር ልንጠራ ወሰንን። በበዓሉ ዕለት ጠዋት ፀጉሯን ላጥባት ቤቷ ሄድኩ፤ ያረጀች ፀጉር ሠሪ በሌላ ሰው እጅ ስትታጠብ ትቆጣለች፣ የእኔን ግን ትችላለች። መታጠቢያው ላይ ተደፍታ፣ ውሃው እየፈሰሰባት፣ ፊቷን ሳላየው ተናገረች።

"ያን ቀን ተከትዬው ሄጄ ነበር።"

ማንን ብዬ አልጠየቅኋትም።

ጣቢያው ጥግ ላይ ደረስኩበት አለች። ተመለስ ልለው ነበር፤ የማሽን ክፍሉ ባዶ ነው፣ ማንም አያይህም፣ ግባና ኑር ልለው። አፌን ሳልከፍት ዞር ብሎ አየኝና "እትዬ ይመለሱ፤ ልጅቷ እዚያ ብቻዋን ናት" አለኝ አለች።

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያማ ደስ አለኝ።" ውሃው በአንገቷ ላይ ወረደ። "የሚቆጨኝ ያኔ ያልከፋኝ መሆኑ ነው። ይመለሱ ሲለኝ፣ ግባ ማለቱ ሲቀርልኝ፣ ልቤ ቅቤ ጠጣ። እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት።"

ሻምፑውን አጥቤ ጨረስኩ። ፎጣ ስጠቀልልባት፣ ዛሬ ብናገረው ምን ይላሉ አለችኝ። እኔም እናቷ የሆንኩ ይመስል፣ ተይው እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን አስጨነቀሽ፣ ያን ጊዜ ምን ምርጫ ነበረሽ አልኳት። የማስበው ስለ እሷ ብቻ አልነበረም። ማዘጋጃ ቤቱ ለቤቱ ጣሪያ ማደሻ ሊሰጠን ቃል የገባው በዚያ ሳምንት ነው፤ ሹማምንቱ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እናቴ ፀጉሯን እንዴት እንደምጠቀልለው ብቻ ነገረችኝ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወጣቱ የኮሚቴው ሰብሳቢ ስለ እናቴ ተናገረ። አይጥ የሚሯሯጥበትን የተጣለ ቤት አግኝታ፣ በሁለት እጇ ነፍስ ዘራችበት አለ። እናቴ ደግፈዋት ወደ መድረኩ ወጣች፣ ማይክሮፎኑን ሰጧት። ጎንበስ ብላ ማይኩን አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ ነጩን ግድግዳ አየች።

"ይህ ቤት ባዶ አልነበረም" አለች። "አንድ ሰው ነበረበት።"

ቆም አለች። ትንፋሽ እየሰበሰበች ነበር። ከሹማምንቱ አንዱ ስልኩን ትቶ ቀና አለ። ከንፈሯ ተከፈተ።

አጨበጨብኩ።

ከሁሉም በፊት እኔ ነኝ ያጨበጨብኩት፤ ብቻዬን፣ ከፊተኛው ረድፍ፣ በኃይል። ሰው ሁሉ እንባ ተናንቋት ነው ብሎ ተከተለኝ። አዳራሹ ብድግ አለ። ጭብጨባው ወፍራሙን ግድግዳ እየመታ ተመለሰብን። እናቴ ድምፁ ከየት እንደተነሳ ፈለገች፤ አገኘችኝ። በልጅነቴ የሰማሁትን ግማሽ በግማሽ ነበር የሰማሁት፤ ያን ቀን ግን ልትል የነበረውን እስከ መጨረሻው አውቀው ነበር። ማይኩን ለሰብሳቢው መለሰችለት። አበባ ሰጧት፣ ተቀበለች።

ክንዷን ልይዝ ወደ መድረኩ ደረጃ ሄድኩ። እናቴ ስመጣ አይታ ዞር አለች፤ በሌላኛው ወገን ያለውን ደረጃ መርጣ፣ የብረቱን መደገፊያ ይዛ፣ አንድ በአንድ ብቻዋን ወረደች።